ዕቃ ጠባቂ፦ በአንድ ቀን ጠላቂዎች ላይ የተደረገ ጥናት

ቀይ ባሕር ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 2,250 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከ2,500 ሜትር በላይ የሚጠልቅበትም ቦታ አለ። ይህ ጥናት የሚመለከተው የላይኛውን 12 ሜትር ብቻ ነው። ያለ ምስክር ወረቀት፣ በአንድ ቀን ጉዞ፣ በአስተማሪ ተይዞ ለሚጠልቅ ጀማሪ የተፈቀደው እስከዚያ ነውና። ከ12 ሜትሩም ውስጥ አጥኚው በተለይ ያተኮረው ዜሮ ሜትር ላይ፣ ማለትም ጀልባው ላይ ነው። ምክንያቱ በቦታው ይገለጻል።

የጥናቱ ቦታ ሁርጋዳ፣ ግብፅ ነው። የተጠናው ሕዝብ ደግሞ በልጆች የመኸር ዕረፍት ርካሽ ትኬት አግኝቶ ከጀርመንና ከስዊድን የተሰባሰበ፣ ከአዲስ አበባም አንድ አክስት የተጨመሩበት ቤተሰብ ነው። በአንድ ቤተሰብ ላይ ተመሥርቶ ስለ ሁሉም መናገር ይቻላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ተቺ ካለ፣ የራሱን ቤተሰብ ይዞ አንድ ቀን ጀልባ ላይ ይውጣና ይምጣ።

ጉዞው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሆቴሉ በር በሚቆም ሚኒባስ ይጀመራል፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ያበቃል። ከዚህ ውስጥ ጀማሪው፣ ሁለት ጊዜ እንኳ ቢጠልቅ፣ ውኃ ውስጥ የሚቆየው ተደምሮ አንድ ሰዓት ቢሞላ ነው። የቀረው ሰባት ሰዓት በመጠበቅ፣ በመጥበብ (የመጥለቂያው ልብስ)፣ በመብላትና ጫማ በመፈለግ ያልፋል። ጫማ ገና ሲሳፈሩ ተሰብስቦ ሳጥን ውስጥ ይጣላል። የሃያ ሰው ነጠላ ጫማ በአንድ ሳጥን ውስጥ ምን እንደሚመስል ለብቻው ጥናት ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ፈተና ውኃ ሳይሆን ወረቀት ነው። አስም አለብዎ? የልብ ሕመም? የጆሮ ቀዶ ሕክምና? ከእነዚህ ለአንዱ «አዎ» ያለ ሰው ሐኪም ካልፈረመለት አይጠልቅም። እዚህ ላይ ሕዝቡ በሁለት ይከፈላል። ሀ፦ «ደህና ነኝ» ባይ፤ ይህን የሚለው የደም ግፊት ክኒኑን የሚውጥበት ውኃ እየፈለገ ነው። ለ፦ «እግዚአብሔር ይመስገን» ባይ። አክስት ለቀረቡላቸው ጥያቄዎች ሁሉ፣ ነፍሰ ጡር ነዎት ለሚለውም ጭምር፣ የሰጡት መልስ ይኸው ነው። ወረቀቱ ግን የ«አዎ» እና የ«አይ» ሳጥን እንጂ የምስጋና ሳጥን የለውም። አስተማሪው ግራ ገብቶት ብዕሩን ሲያነሣና ሲጥል ከቆየ በኋላ፣ መጀመሪያውኑም አልጠልቅም ማለታቸው ተነገረው።

ስለ መሣሪያው ብዙ አንልም። የውኃ ውስጥ መተንፈሻውን ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 ፈረንሳይ ውስጥ ሠርተውታል፤ ከዚያ ወዲህ በመሠረቱ የተለወጠው ኪራዩ ነው። የ12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ የአየሩ ክብደት ብቻ ወደ ሦስት ኪሎ ይጠጋል። ይህ ለአክስት ሲነገር «አየር በኪሎ!» ብለው ዝም አሉ። ዝምታቸው የተሰበረው የእርሳስ ቀበቶው ሲወጣ ነው። ቀይ ባሕር ጨዋማ ስለሆነ ሰውን ወደ ላይ ይገፋል፤ ለመውረድ ክብደት መታጠቅ ግድ ነው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«እርሳስ ነው እትዬ። እንዳንንሳፈፍ ነው።»

«ሰው እንዳይሰምጥ ይታጠቃል እንጂ እንዲሰምጥ ይታጠቃል? ከፍላችሁ ነው ደግሞ?»

በመስኩ የተጻፉ መማሪያዎች ይህን ጥያቄ አያነሡም።

ከመሰናዶዎቹ ሁሉ አክስት ያጸደቁት አንዱን ብቻ ነው። ማስኩ ውስጡ እንዳይደበዝዝ ምራቅ እትፍ ብሎ ማሸት፣ ከዚያ በባሕር ውኃ ለቅለቅ አድርጎ ማጥለቅ በዓለም ሁሉ የታወቀ ዘዴ ነው። አክስት ይህን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ። «አምጡ» አሉ። የእያንዳንዱን ማስክ ተቀብለው «እንትፍ እንትፍ፣ በሰላም ግባ በሰላም ውጣ» እያሉ መርቀው መለሱ። አንዱም አልደበዘዘም። በተራ ምራቅ ከታሸው የጎረቤቶቻችን ማስክ ጋር ማነጻጸር ይቻል ነበር፤ ጎረቤቶቹ ግን ፖላንዶች ስለነበሩ ፈቃደኛነታቸውን መጠየቅ አልተመቸም።

ጆሮን በተመለከተ፣ ቦሎኛ ይኖር የነበረው የአካል አጥኚ አንቶኒዮ ማሪያ ቫልሳልቫ (1666–1723) አፍንጫን ይዞ፣ አፍን ዘግቶ መንፋትን የመከረው ከጆሮ ውስጥ መግል ለማስወጣት ነበር። ዛሬ ጀማሪ ጠላቂ ሁሉ በእርሱ ስም ፊቱን ያቀላል። የውኃው ግፊት 10 ሜትር ላይ ከላይኛው እጥፍ ይሆናል፤ በጆሮ ውስጥ ያለ አየር ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የሚጨመቀው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ነው። ስለዚህ ጀማሪው ገና ሁለት ሜትር ሳይወርድ ስቃይ ይጀምረዋል፤ ቀና ቢል የጀልባው ሆድ ይታየዋል፤ ወደዚያም መመለስ ያምረዋል። መመለስ የሚቻለው በአውራ ጣት ነው። ጣት ወደ ላይ ማቆም በጠላቂዎች ዘንድ «ጎበዝ፣ ሁሉ ሰላም» ሳይሆን «እንውጣ» ማለት ነው። ይህ በጠዋቱ ገለጻ ሦስት ጊዜ ይነገራል። ከቤተሰቡ አንዱ ግን ኮራሉን ገና ሲያየው በደስታ ሁለቱንም አውራ ጣት አቆመና፣ አስተማሪው በሙሉ ታዛዥነት ወደ ላይ አወጣው።

ጀማሪው እንደሚዋኝ ይሰማዋል። የሚዋኘው አስተማሪው ነው፤ ከኋላ ሆኖ የሲሊንደሩን አንገት ጨብጦ፣ ድመት ግልገሏን እንደምትሸከመው ተሸክሞት ይዞራል። በማስክ የሚታይ ነገር ሁሉ ውኃ ውስጥ ሲሶ ያህል ገዝፎ ይታያል። ስለዚህ ጀማሪው ወጥቶ የሚያወራላቸው ዓሣዎች ሲሶ ግዝፈታቸው የፊዚክስ ነው፤ የተቀረው የራሱ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን።

ዕቃ ጠባቂ ማለት ሌሎች ውኃ ሲገቡ ልብስ፣ ስልክ፣ ወርቅና ፓስፖርት ይዞ ከላይ የሚቀር ሰው ነው። ይህ ተቋም ሶደሬ፣ ከፍል ውኃው መዋኛ ዳር እንደተመሠረተ አጥኚው ያምናል፤ ላንጋኖ ላይ ዳብሯል፤ ከወገን ጋር ተሰድዶም በአውሮፓ የሕዝብ መዋኛዎች ታይቷል። እዚያ ባለ ቁልፍ ሳጥን መኖሩ ሥራውን አላስቀረውም፤ እንዲያውም ሳጥኑንም የሚጠብቅ ሰው አስፈልጓል። ጀልባ ላይ ግን ከባድ የንድፈ ሐሳብ ችግር ይነሣል። ጀልባው ጊፍቱን ደሴቶች አጠገብ፣ ውኃ መሐል ታስሮ ቆሟል። ሌባ ቢመጣ ዋኝቶ ነው። ጀልባው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ ወይ ሠራተኛ ነው፣ ወይ እርጥብ ነው፣ ወይ ራሱ ዕቃ ጠባቂ ነው። ታዲያ ዕቃው የሚጠበቀው ከማን ነው? ይህ ጥያቄ ለባለሙያ ቀርቦ «አይታወቅም» የሚል መልስ ተገኝቷል። ከዚህ የላቀ መልስ በመስኩ እስካሁን የለም።

ዓይነቶቹ እንደሚከተለው ናቸው።

ዕቃ ጠባቂ ሀ፦ በፈቃዱ። ገና ከዋዜማው፣ እራት ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀው «እናንተ ግቡ፣ እኔ ዕቃ እጠብቃለሁ» ይላል። ይህን ሲናገር ድምፁ ላይ መሥዋዕትነት አለ።

ዕቃ ጠባቂ ለ፦ በጸጉሯ። ትናንት ካስክ ገብታ የወጣች። ምክንያቷ በሁሉም ዘንድ ወዲያው ተቀባይነት ያገኛል፤ ባሏ እንኳ አይከራከርም፤ ከፍሎበታልና።

ዕቃ ጠባቂ ሐ፦ በጉንፋን። በእርግጥ አፍንጫው የታፈነ ሰው ግፊቱን ማመጣጠን ስለማይችል መጥለቅ የለበትም። የሚደንቀው ጉንፋኑ የሚነሣበት ሰዓት ነው። ቁርስ ላይ የለም። ሚኒባስ ውስጥ የለም። የመጥለቂያው ልብስ በልኩ ተመርጦ እጁ ላይ ሲደርስ ግን አንዴ ያስነጥሳል። ይህ ዓይነት እንደገና ይከፈላል። ሐ-1 ሳምንቱን ሙሉ ስለ ሻርክ ሲያወራ የከረመው ጋሼ ነው፤ ከቀረ በኋላ ለሚገቡት ሁሉ እንዴት እንደሚጠለቅ ያስረዳል። ሐ-2 መሰላሉን እስከ መጨረሻው ደረጃ ወርዶ፣ እስከ ጉልበቱ ርሶ የሚመለሰው ነው። ይህ ሰው አገር ቤት ሲመለስ ጠልቋል። «ብርዱ ነው እንጂ ገብቼ ነበርኮ» ይላል፤ ጉልበቱን በተመለከተ ቃሉ እውነት ነው።

ዕቃ ጠባቂ መ፦ አክስት። ከላይ ያሉት ሁሉ ወደዚህ ለመድረስ ብቻ የተጻፉ ናቸው።

አክስት ጥላ ያለበትን ጥግ ይዘው፣ እግራቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ቦርሳዎቹን አንድ ላይ ከምረው ነጠላቸውን አለበሷቸው። በግራ ክንዳቸው ላይ ሦስት የእጅ ሰዓት አሰሩ፤ አንዱ ገና የስቶክሆልምን ሰዓት ይቆጥር ነበር። የወጣቶቹን ቀለበት በመሐረብ ጫፍ ቋጥረው ደረታቸው ውስጥ አኖሩ። ስልኮቹ ጭናቸው ላይ ተደረደሩ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ውኃው አደረጉ።

ጠላቂ ሲተነፍስ አረፋው ላይ መጥቶ ይፈላል። አክስት እያንዳንዱን አረፋ ለባለቤቱ ለማደል ጊዜ አልፈጀባቸውም። «ይኸ የትንሹ ነው፤ ከልጅነቱ ሲተነፍስ ይቸኩላል። ያ ደግሞ የእናቱ፤ ተይው እሷን።» የአስተማሪዎቹን አረፋ አልቆጠሩም፤ «እነሱ ያውቁበታል» ብለው ከዝርዝሩ ሰረዟቸው። አንዱ አረፋ ለአፍታ ሲቋረጥ «እመቤቴ!» ይላሉ፤ ሲመለስ ሻያቸውን ፉት ይላሉ። ሻዩን ያመጣላቸው የጀልባው ልጅ ነው፤ ሳይጠየቅ፣ ሁለት ጊዜ። የጋራ ቋንቋ የላቸውም። እሱ በዐረብኛ የሚለውን እሳቸው በአማርኛ ይመልሱለታል፤ ስለ ወላጆቹ፣ ስለ ትዳሩና ስለ ደሞዙ ማወቅ የሚያስፈልጋቸውን ግን በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ አውቀዋል።

በዚህ መካከል አንዱ ስልክ ጮኸ። አክስት አነሡት። ከአዲስ አበባ ነው፤ የስልኩ ባለቤት አያት ናቸው፤ ደህና መግባቱን ለመጠየቅ ነው የደወሉት። አክስት የሚያዩትን እንዳለ ተናገሩ።

«ባሕር ገብቷል። እስካሁን አልወጣም።»

ከስልኩ የወጣው ጩኸት ፖላንዶቹን ከተኙበት አስነሣ። አክስት ግን ተረጋግተው «ምን ያስጮህሻል፣ አረፋው ይታየኛል እኮ» ሲሉ አከሉበት።

ዓይነት ሠና ረ ከዚህ በኋላ ሊመጡ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ምሳ ደርሷል።

ቀኑ ዓርብ ነው። የጀልባው ምሳ ዶሮና ፓስታ ነው። አክስት ለዚህ ተዘጋጅተው ነው የመጡት፤ የግብፅ ክርስቲያኖች የጾም ምግብን «ሲያሚ» እንደሚሉ ከአገር ቤት ሳይነሡ ጠይቀው ያውቃሉ። እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ ጳጳስ ስናስመጣ ከኖርንበት አገር አንድ ሰሐን የጾም ሩዝ መጠየቅ ነውር አይደለም። አብሳዩም ወዲያው ገባውና ሩዝ፣ ፉል፣ ጣሒናና ሰላጣ አቀረበላቸው። ቀመሱት። አሰላሰሉ። ከዚያ የከመሯቸውን ቦርሳዎች አንድ በአንድ አነሥተው፣ ከሁሉም ሥር ካለችው ከራሳቸው ቦርሳ በፌስታል ሦስት ጊዜ የተጠቀለለ ብልቃጥ አወጡ። ጠዋቱን ሙሉ ሲጠበቅ የነበረው ይህ ነው፤ ሚጥሚጣ። አብሳዩ ቀመሰ፣ አነባ፣ እጁንም በድጋሚ ዘረጋ። ለሁለተኛ ጊዜ ጠልቀን ስንመለስ አክስት ወጥ ቤት ገብተው ሽንኩርት እየከተፉ፣ ካፒቴኑ በር ላይ ቆሞ ሲያያቸው አገኘናቸው። ዕቃውን የሚጠብቀው ባለጉንፋኑ ጋሼ ነበር፤ ተኝቶ።

አክስት የጀልባው ፎቶ አንሺ የጠየቀውን ዋጋ በግማሽ ማስቀነሳቸውን በአጭሩ አልፈን አንድ የሕክምና ነጥብ እንጨምራለን። በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ መውጣት ስላለበት፣ አንዴ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 12፣ ደጋግሞ የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላው አውሮፕላን እንዳይሳፈር ይመከራል። ይህም በወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ የተነበበው ግን ወደ ሆቴል ስንመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። የቤተሰቡ ትኬት ለንጋት ተቆርጧል። ሁሉም ስልኩን ከአክስት ጭን እየነጠቀ አየር መንገዱ ላይ ሲጮህ፣ በዚያ ሚኒባስ ውስጥ በሙሉ ጤና ለመብረር ብቁ የነበሩት በዚያው ሌሊት በካይሮ በኩል አዲስ አበባ የሚገቡት አክስት ብቻ ነበሩ። ጋሼ እንኳ ጉንፋኑ በአውሮፕላን እንዳይብስበት ሠግቷል።

«ታዲያ ምን ያስጨንቃችኋል?» አሉ አክስት፣ ወደ ፍራንክፈርት የሚሄዱትን ሻንጣዎች በዓይናቸው እየቆጠሩ። «እናንተ ስትደርሱ ትደርሳላችሁ። ዕቃውን እኔ አዲስ አበባ ወስጄ እጠብቅላችኋለሁ።»