«ቲቪህን ምን በላው?» ላላችሁኝ

በአምባ ጊዮርጊስ ብርድ እንግዳ ቤት ሲገባ ጋቢውን ሳያወልቅ ነው የሚቀመጠው። እጁ ከጋቢው ባይወጣም ዓይኑ ግን ቤቱን ይዞራል። እኛ ቤት የገባ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ቡፌው ላይ ነው። ጀርባው እንደ ጎተራ ያበጠው ቴሌቪዥን ለዓመታት በተቀመጠበት ቦታ ዛሬ ቀጭን ሞኒተር ቆሟል፤ ከጎኑ ያገለገለ ላፕቶፕ ተከፍቷል። ተረቡም ከዚያው ይጀምራል። ሰው እየጠየቀኝ እኔም እየመለስኩ ከረምኩ። መልሱ ለሌላም ቤት ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ዛሬ ለሁላችሁም በአንድ ላይ እመልሳለሁ።

«ቲቪህን ምን በላው?»

መብራት በላው። አንድ ማታ ሄደ፤ ሲመጣ ከልኩ በላይ ሆኖ መጣ። የተቃጠለ ነገር ሸተተን፣ ምስሉ መሀል ላይ ወደ አንዲት ነጭ ነጥብ ተሰበሰበና ጠፋ። ጎንደር ድረስ አስጭኜ ወሰድኩት። ጠጋኙ ጀርባውን ፈትቶ፣ አቧራውን በብሩሽ ጠርጎ፣ «ፍላይባኩ ሄዷል» አለኝ። ፍላይባክ ለስክሪኑ ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚሰጠው ጥቅልል ነው፤ እሱ ከሄደ የቀረው ሳጥን ነው። እንዲህ ዓይነቱን ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥን መሥራት ከቀረ ቆይቷልና መለዋወጫ ፍለጋ መንከራተት ትርፉ ድካም ነበር። እዚያው ጎንደር ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ ተመለስኩ።

«ታዲያ እንደ ሰው አዲስ ቲቪ አትገዛም ነበር?»

እንዲህ ያሉኝ ጎረቤታችን እትዬ ናቸው። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ከእትዬ አፍ የሚያመልጥ የለም።

«እትዬ፣ አዲሱም ቢሆን ያመጡለትን ነው የሚያሳየኝ። ይሄኛው ያዘዝኩትን ያሳየኛል» አልኳቸው።

«አዛዥ በበዛበት ቤት ማን ይታዘዛል?» አሉኝ፣ ሲኒያቸውን ሳያስቀምጡ።

ይቺን ጥያቄ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። ያኔ ጣቢያው አንድ፣ ቀለሙም ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ባለ ቀለም ሥርጭት የመጣው በ1977 ዓ.ም. ነው። ያን ሁሉ ዘመን የኢትዮጵያ ቤተሰብ የሚያየውን ሌላ ሰው ነው የመረጠለት፣ ሰዓቱንም ጭምር። ድራማው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው፤ በዚያች ሰዓት ላሟ ካልታለበች፣ እንግዳ ከመጣ ወይም መብራት ከሄደ ያ ክፍል አመለጠ ማለት ነው። እናቴ «ሰው ለሰው»ን ስትከታተል ያመለጣትን ክፍል ከጎረቤት አፍ ነበር የምትሰማው። ዛሬ የምታየውን አቁማ፣ እንጀራዋን ጋግራ ጨርሳ፣ እጇን ታጥባ ትመለስና ካቆመችበት ትቀጥላለች። ስልሳ ዓመት ያለፋት እናት «አንዴ አቁሙልኝ» ስትል መስማት ደስ ይላል። ቴሌቪዥኑን እንዲህ ብላ አዝዛው አታውቅም ነበር።

«ዲሹስ? ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሊጠጣበት ነው?»

ይህ የአያ ነው፤ የሠፈራችን ሽማግሌ። አያ፣ ዲሹ ያለው ሰው ስንት ጊዜ እንደለፋ እርስዎም ያውቃሉ። በ2012 ዓ.ም. የአገራችን ጣቢያዎች ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ የየቤቱ ሳህን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ 57 ዲግሪ ፊቱን ማዞር ነበረበት። ያን ሰሞን የዲሽ ሠሪ ወረፋ የክረምት ወፍጮ ቤት ወረፋ ይመስል ነበር። አንዱ ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ ሳህኑን በጣት በጣት እያንቀሳቀሰ «አሁንስ?» ይላል፤ ከታች ሌላው በመስኮት «ትንሽ ወደ ቀኝ! ኧረ አለፍከው!» ይላል። ከዚያም የእኛው የወገራ ነፋስ አንድ ሌሊት መጥቶ ሳህኑን ያዘነብለውና ሥራው እንደገና። ከባድ ዝናብ ሲጥልም ምልክቱ ይዳከማል፣ ምስሉ ይቆራረጣል። ክረምት ማለት ደግሞ እኛ ቤት ውስጥ ተዘግተን የምንውልበት፣ ቴሌቪዥን ከሁሉ ይልቅ የምንፈልግበት ጊዜ ነው።

አያ ግን አልለቀቁኝም። «መብራት ሲሄድ ያንተም ይሄዳል፤ ምን ተሻለህ?»

እዚህ ላይ የእኔ መልስ ይበልጣል። አሮጌው ቴሌቪዥን መብራት በሄደባት ቅጽበት አብሮ ይሞታል። ላፕቶፕ ባትሪ አለው፤ ያገለገለው የእኛው እንኳ ሁለት ሰዓት ገደማ ይቆያል። አንድ ፊልም ያስጨርሳል። ፍጆታውም ዝቅተኛ ነው፤ የአሮጌው ቴሌቪዥን ጀርባ ላይ የተጻፈው 80 ዋት ነበር፣ የላፕቶፑ ቻርጀር 65 ይላል፣ ፊልም ብቻ ሲያሳይ ደግሞ ያንንም አይጨርስም። እርግጥ ነው፣ ሞኒተሩ ባትሪ የለውምና መብራት ሲሄድ እሱ ይጠፋል። ያኔ ላፕቶፑን በርጩማ ላይ እናወርደዋለን፣ ሁላችንም ወደ 14 ኢንቹ ስክሪን እንጠጋለን። በእኛ አገር ብርድ መጠጋጋት የሚከፋው ሰው አላየሁም።

«ኢንተርኔት ሲዘጋስ?»

ይሄን የጠየቀኝ መምህር ነው፣ ጥያቄውም የሚያም ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፣ ለወራትም ተዘግቶ ቆየ። ድራማውንም ወሬውንም ከዩቲዩብ የለመደ ቤት ሁሉ ባዶ እጁን ቀረ። ስለዚህ «ቴሌቪዥን በቃ፣ ሁሉ በኢንተርኔት ነው» የሚለኝን ሰው አልሰማውም። ያ ምክር መብራቱም ኔትወርኩም ለማይቋረጥበት አገር ይሆናል። ኢንተርኔቱ ቢኖርም ዋጋ አለው፤ በመካከለኛ ጥራት አንድ ሰዓት ቪዲዮ ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ይበላል። ቤተሰብ በሙሉ ማታ ማታ ሦስት ሰዓት ቢያይ የወሩ የዳታ ወጪ የዘይቱን ብር ይሻማል።

እኛን ያሻገረን ፍላሽ ነው። ጎንደር ፊልም የሚጭኑ ቤቶች አሉ፤ ፍላሽህን ትሰጣለህ፣ የምትፈልገውን ትናገራለህ፣ ይጭኑልሃል። ባለ 32 ጊጋ ፍላሽ አንድ ጊጋ አንድ ጊጋ የሆኑ ፊልሞችን 30 ያህል ይይዛል። ከጎንደር በሚኒባስ የሚመጣ ዘመድ ኪስ ውስጥ የአንድ ወር ማታ ተቀምጦ ይመጣል። «ቲቪም እኮ ፍላሽ ይቀበላል!» ያለኝ አለ። ይቀበላል፤ ግን የተጫነውን ሁሉ አያውቀውም። አንዱን «ፎርማቱ አይደገፍም» ይለዋል፣ ሌላውን ምስሉን አሳይቶ ድምፁን ይነፍግሃል። ላፕቶፕ ላይ ቪኤልሲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ካለ የማይከፍተው እምብዛም ነው።

ስለ ማስጫን ካነሳሁ ደብቄ የማላልፈው ነገር አለ። በዚህ መንገድ ከሚጫነው የአማርኛ ፊልም አብዛኛው ለሠሪው ሳንቲም አያስገባም። ተዋናዩ፣ ካሜራ ያነሣው፣ ድርሰቱን የጻፈው ሰው ቤት ምድጃው ይነድ ዘንድ እኛም ግዴታ አለብን። ባለቤቶቹ ራሳቸው ዩቲዩብ ላይ የጫኑትን፣ ኔትወርክ ባለበት ሰዓት እዚያው ገብቶ ማየት ይቻላል፤ እኛ ቤት የአገር ፊልም እንዲህ እንዲታይ ወስነናል።

«ስልክ እያለ ላፕቶፕ ምን ያደርጋል?»

የወንድሜ ልጅ ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይማራል፣ ከስልኩ ዓይኑን ሳያነሳ ነው የጠየቀኝ።

«ስልክህን አንተ ታያለህ፤ እኛ አንተን እናያለን» አልኩት።

ቤቱ ሳቀ፣ እሱም ስልኩን ኪሱ ከተተ። ነገሩ ግን ለሳቅ ብቻ አይደለም። የቤተሰብ መዝናኛ ወደ ስልክ ከገባ በአንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሰው አምስት ቦታ ይሄዳል። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ነገር መሳቅ ይተዋሉ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፣ ቴሌቪዥን መቅረቱ አይደለም።

አሁን ወደ እትዬ ልመለስ፤ ምክንያቱም አሸንፈውኛል።

መጀመሪያ ሞኒተሩ አልነበረም። ላፕቶፑን ብቻ በርጩማ ላይ አስቀምጠን ጀመርን። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ያያል፤ በጎን ያለው የሚያየው የጠቆረ ጥላ ነው፤ ከኋላ ያለው ክዳኑን ነው። ሴት ልጄ አንድ ጊዜ ጥናት ትላለች፣ ወንዱ ጨዋታ ይላል፣ ባለቤቴ ድራማዋን ትፈልጋለች፣ «አዛዥ በበዛበት ቤት» ያሉት እውነት ሆነ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እትዬ ለቡና መምጣት ቀነሱ። ሄጄ «ምነው ጠፉብን?» አልኳቸው።

«ቴሌቪዥኑ ፊቱን ወደ እንግዳ ነበር የሚያዞር። ያንተ ኮምፒውተር ጀርባውን ሰጠኝ» አሉኝ።

መልስ አላገኘሁላቸውም፣ ዛሬም የለኝም። በማግሥቱ ጎንደር ወርጄ ያገለገለ ሞኒተር ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው የሰጠኝ ገመድ ቪጂኤ የሚባለው ነበር፤ ጫፉ ሰማያዊ፣ 15 እሾህ ያለው፣ በሁለት ጎን በብሎን የሚጠብቅ። ቤት መጥቼ ሰካሁት፣ ምስሉ መጣ፣ ሰዉ አጨበጨበ፣ ድምፅ ግን የለም። ይህ ገመድ ምስል እንጂ ድምፅ እንደማይሸከም ያን ማታ ተማርኩ። ድምፁን ከላፕቶፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ስፒከር ወሰድነው፣ ተስተካከለ። በኤችዲኤምአይ ገመድ ቢሆን ምስሉም ድምፁም በአንድ ይሄድ ነበር።

ሞኒተሩ የእናቴንም ጥያቄ ፈታልኝ። እሷ ተረብ አታውቅም፣ በቀጥታ ነው የጠየቀችኝ። «ቅዳሴዬንስ?» እግሯ ሲያማት ቅዳሴን በሳተላይት ከቤተ ክርስቲያናችን ጣቢያ ነው የምትከታተለው። ያን በኢንተርኔት ላድርገው ብል ሦስት ሰዓት ቅዳሴ አንድ ጊጋ ተኩል ነው፣ መሀል ላይም ቢቆረጥ የእናቴን ልብ ይሰብራል። ደግነቱ የዲሹ ሪሲቨር የግድ ቴሌቪዥን አይልም፤ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ባለው ሞኒተር ላይም ምስሉን ያወጣል፣ ድምፁን በቀይና ነጩ ገመድ ወደ ስፒከር ይሰጣል። ስለዚህ አያ፣ ዲሹ ዝናብ እየጠጣ አይደለም። እሁድ ጠዋት ያው ስክሪን ቅዳሴ ያሳያል፣ ከሰዓት «እሁድን በኢቢኤስ»ን፣ ማታ ደግሞ ከፍላሽ የመረጥነውን። ከቤታችን የወጣው ሳጥኑ ነው እንጂ ሥርጭቱ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ቴሌቪዥን በዕድሜው ሙሉ ያልሰጠን ነው። ባለፈው ማታ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ትንሿ ልጄ ቀርታ የአማርኛ መጻፊያውን ከፈተች። ሁለት ቁልፍ ትነካለች፣ ስክሪኑ ላይ አንድ ፊደል ይወጣል። «ወ» አለች፣ «ገ» አለች፣ «ራ» ላይ ስትደርስ ጣቷ ተሳስቶ «ረ» ወጣ፤ አጠፋችና እንደገና ሞከረች። «ወገራ» ብላ ጽፋ ወደ አያቷ ዞራ «አንብቢ!» አለቻት። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ከትልቁ ስክሪን ላይ አነበበችላት።

እትዬም ተመልሰዋል። አዛዡንም በደንብ አበጀነው፦ ማታ ማታ ምርጫው በተራ ነው፣ እንግዳ ባለበት ቀን ደግሞ የእንግዳው ነው። እትዬ ተራቸው ሲደርስ የሚያዝዙት የድሮ ቀልድ ነው፤ ሰምተውት ያውቃሉ፣ ገና ሳይነገር ይስቃሉ።

ቴሌቪዥናችሁ ተቃጥሎ ኮምፒውተር ልታስገቡ ያሰባችሁ የወገራ፣ የዳባትና የደባርቅ ቤተሰቦች ሆይ፣ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት ላፕቶፑን ሻጩ ፊት ከሞኒተር ጋር አገናኙትና ምስሉም ድምፁም መውጣቱን እዩ። ቻርጀሩን ነቅላችሁ ባትሪው ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ጠብቁ። ቤት ስትገቡ ደግሞ ስክሪኑን አቁማችሁ ቡና የምታፈላዋ ሴት በምትቀመጥበት ቦታ ተቀመጡ፤ ከዚያ ካልታያችሁ ቦታውን ቀይሩ።