ንግግር በጊታር ሲፈተን

ጃንሆይ የሄቪ ሜታል ግጥም ደራሲ ናቸው ስል፣ የሳሪስ አቦ ጎረቤቶቼ ጠበል እንድጠመቅ መከሩኝ። አቦ ቅርብ ናቸው፤ ታክሲም አያስፈልግም። ግን ማስረጃ አለኝ።

መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. ጃንሆይ ኒው ዮርክ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ቆመው በአማርኛ ተናገሩ። አንዱን ዘር የበላይ፣ ሌላውን የበታች የሚያደርግ አስተሳሰብ እስኪሻር ድረስ ሰላም የለም አሉ። ቦብ ማርሌይ የንግግሩን እንግሊዝኛ ወስዶ እንደ ፈረንጆቹ በ1976 «ዋር» ብሎ ዘፈነው። በደራሲነት ከተመዘገቡት ሁለት ሰዎች አንዱ፣ አለን ኮል፣ ኳስ ተጫዋች ነበር፤ አዲስ አበባ መጥቶ የአየር መንገድን ቡድን አሠልጥኗል። የንጉሠ ነገሥቱ ስም እዚያ መዝገብ ላይ የለም። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ደግሞ ሴፑልቱራ የተባለው የብራዚል ሜታል ባንድ ያንኑ ዘፈን ወስዶ አጓራበት።

ጃንሆይ እንኳን ሊያጓሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ ማድረግም አይወዱም ነበር። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ሲናገሩ ጩኸቱን ያዋጡት የጣልያን ጋዜጠኞች ናቸው፤ በፉጨት። እሳቸው ፉጨቱ እስኪያልፍ ጠብቀው ቀጠሉ። (ሁለቱም ንግግሮች የዋሉት በጊዮርጊስ ዕለት ነው። እኛ የአቦ ሰፈር ሰዎች አንዱ እንኳ በ5 ቢውል ደስ ይለን ነበር።) ቁጣው ቃሉ ውስጥ ስለነበረ ጃማይካም ብራዚልም ሄዶ አልበረደም።

ጎረቤቶቼ «ይኼ ጩኸት ሙዚቃ ነው?» ይሉኛል። ፎካሪ ጉሮሮውን አሻክሮ፣ ዓይኑን አጉረጥርጦ፣ የአባቱን ስም እየጠራ ሲዘል እልል የሚሉት እነሱው ናቸው። ቀረርቶና ፉከራ የጎደላቸው የኤሌክትሪክ ጊታር ብቻ ነው። ደግሞስ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ቃሊቲ በሚወርድ ተሳቢ መኪና ድምፅ መሃል ተኝቶ የሚያድር ሰው፣ ጩኸት ረበሸኝ ሲል ማን ያምነዋል?

እናም ሜታል ከሚወድ የጎረቤት ልጅ ጋር አንድ ፈተና አወጣን፤ እሱ ከስልኩ ጊታር ይለቃል፣ እኔ ከላዩ ንግግር አጓራለሁ። መጀመሪያ ከስብሰባ ያመጣሁትን ሞከርኩ፦ «በቀጣይ ትኩረት ተሰጥቶት የሚሠራ ይሆናል!»

«ጋሼ፣ እንደገና ይሞክሩት» አለኝ ልጁ።

ብሞክረውም አልሆነም። «የሚሠራ ይሆናል» ተብሎ አይጓራም። ማን እንደሚሠራው ስለማይታወቅ ቁጣው የሚያርፍበት ያጣል። ባለቤቴ ከጓዳ «ጥርስህን ነው?» አለችኝ።

ቀጥሎ የእድራችንን ዳኛ አመጣሁ። ሰውዬው በዝግታ ነው የሚናገሩት፤ ባለፈው ግን ስለ ውዝፍ ሲነሳ አንድ ነገር ጣል አድርገው ነበር፦ «ያልከፈለ ሲሞት ራሱን ይቅበር!»

ጊታሩ ወዲያው ተቀበለው። ልጁ ፀጉሩን እያወዛወዘ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። በሦስተኛው ላይ ባለቤቴ ከጓዳ ወጣች፤ ስለ ጥርሴ ግን አልጠየቀችኝም።

«የእኛ ተከፍሏል?»