የነዳጅ አለቆች ድካምና ዋጋው

የአንድ ትልቅ ነዳጅ ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ከሌላው ሠራተኛ የሚለየው በአንድ ብርቅ ችሎታ ነው፤ የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ ሲወጣ ያወጣው እሱ ነው፣ ሲወርድ ግን ያወረደው ገበያው ነው። ጦርነት ይነሳ፣ ማዕበል የባሕር ላይ ጉድጓዶችን ይዝጋ፣ በርሜሉ በተወደደ ቁጥር የሰውየው አርቆ አሳቢነትም በዚያው ልክ ይወደዳል። ማሪያን ቤርትራንና ሴንዲል ሙላይናታን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ የነዳጅ አለቆች ክፍያ እጃቸው በሌለበት የዋጋ ጭማሪ ጭምር እንደሚያድግ አሳይተዋል። ዕድል ደመወዝተኛ ሆነች ማለታቸው ነው። አከፋፈሉ ግን አልተቀየመም፤ እንደነበረ ቀጠለ።

የችሎታው ቁንጮ ሊ ሬይመንድ ናቸው። ኤክሶንን፣ በኋላም ኤክሶንሞቢልን፣ ከ1993 እስከ 2005 መርተው ሲሰናበቱ ጡረታው፣ አክሲዮኑና ልዩ ልዩ ጥቅማ ጥቅሙ ተደምሮ ሽኝታቸው 400 ሚሊዮን ዶላር ተጠጋ። በ2005 ኩባንያው 36 ቢሊዮን ዶላር አትርፎ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ካትሪና የተባለችው ማዕበል የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤን ስትመታ በርሜሉ 70 ዶላር ተሻግሯል፤ ማዕበሏ ድርሻዋን ሳትጠይቅ አለፈች። የ13 ዓመት ገቢያቸው ለቀን ሲካፈል ከ144 ሺህ ዶላር በላይ ደረሰ፤ እሁድም፣ የገናም ቀን ተቆጥሮ። ከምሳ በኋላ አሥር ደቂቃ ሸለብ ቢያደርጋቸው 1 ሺህ ዶላር አግኝተው ይነቁ ነበር። እንዲህ ያለ እንቅልፍ በርግጥ ልምድ ይጠይቃል።

ይህን ሁሉ የሚወስነው የቦርዱ የደመወዝ ኮሚቴ ነው። አባላቱ ብዙውን ጊዜ የሌሎች ታላላቅ ኩባንያዎች አለቆች ወይም የቀድሞ አለቆች ስለሆኑ፣ ነገሩ ሽማግሌዎቹ በሙሉ ከተቀባዩ ወገን የሆኑበትን የጥሎሽ ድርድር ይመስላል። የተቀጠረው አማካሪ የአቻ ኩባንያዎችን ክፍያ በሠንጠረዥ ደርድሮ ያቀርባል። የኛ ሰው ከመካከለኛው በታች ነው ብሎ ለዓለም መናገር የሚፈልግ ቦርድ የለም፤ ሁሉም ከመካከለኛው ከፍ ያደርጋል፤ በሚቀጥለው ዓመት መካከለኛው ራሱ ከፍ ብሎ ይጠብቃቸዋል። አማካሪውም ሠንጠረዡን እንደገና ይሠራል፣ በክፍያ።

ዋጋው ሲወድቅስ? ለዚህም መላ አለ። ከ100 ዶላር በላይ ሲሸጥ የነበረው በርሜል በ2015 መጨረሻ ከ40 በታች ወረደ፤ የእንግሊዙ ነዳጅ ኩባንያ ቢፒ በዓመቱ 6.5 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞችን እንደሚቀንስም አስታወቀ። የዋና ሥራ አስፈጻሚው የቦብ ደድሊ ክፍያ ግን 20 በመቶ ያህል አድጎ 20 ሚሊዮን ዶላር ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ኮሚቴው የለካው ወጪ ቅነሳን፣ ደኅንነትን፣ የመሳሰሉትን ነበር፤ በርሜሉ የሰውየው ጥፋት አይደለማ! ሲወጣ ጉብዝናቸው የነበረ ዋጋ ሲወርድ ባዕድ ሆነ። በሚያዝያ 2016 ለንደን ላይ በተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ 59 በመቶ የሚሆነው የባለአክሲዮኖች ድምፅ ክፍያውን ተቃወመ። ድምፁ ግን በሕጉ መሠረት ምክር እንጂ ትእዛዝ አልነበረም፤ ምክሩም ተሰማ፣ ገንዘቡም ተወሰደ። የ2016 ክፍያቸው ወደ 11.6 ሚሊዮን ዶላር ወርዶ ኑሮ ከበዳቸው።

ፈረንሳዮች በበኩላቸው ነገሩን በግራፍ ያስረዳሉ። በጥቅምት 2022 የቶታልኢነርጂስ ማጣሪያ ሠራተኞች 10 በመቶ ጭማሪ ጠይቀው ሥራ ሲያቆሙ፣ ነዳጅ ማደያዎች ፊት መኪና ተሰለፈ። አለቃው ፓትሪክ ፑያኔ ደመወዛቸውን 52 በመቶ አሳደጉ መባሉ እንደሰለቻቸው በትዊተር ገልጸው የበርካታ ዓመታት ገቢያቸውን አሳዩ፦ በወረርሽኙ ዓመት በ2020 ወርዶ ነበር፣ በ2021 ወደ ቦታው፣ ወደ 5.9 ሚሊዮን ዩሮ ተመለሰ እንጂ ጭማሪ አልነበረም። በርሜሉም በነዚሁ ሁለት ዓመታት ወርዶ ወጥቷል፤ ግራፉ ላይ ግን እሱ አልነበረም። ከሠራተኛ ማኅበራቱ ሁለቱ በ7 በመቶ ፈረሙ።