ከኢንስፔክተሩ የተሸሸገች ስንጥቅ

እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የሐበሻ ቤት ሊሸጥ መሆኑ በምን ይታወቃል? በጠረኑ። ከጎኔ ካሉት ከእነጋሼ ቤት ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የቁሌት ሽታ አጥር ዘሎ ይመጣልኝ ነበር። ባለፈው ወር ቤቱ በድንገት ሎሚ ሎሚ መሽተት ጀመረ። «ሊሸጡ ነው» አልኩ። የቤት ሽያጭ ኤጀንቷ ሰሌዳዋን የተከለችው ከእኔ አፍንጫ ሁለት ሳምንት ዘግይታ ነው።

ኤጀንቷ የመከረቻቸው ደግ ምክር ነው፦ የገዢው ኢንስፔክተር መጥቶ ጉድ ከሚያወጣ፣ ራሳችሁ ቀድማችሁ አስመርምሩ፤ የሚጠገነውን ጠግኑ። ጋሼ ግን የሜሪላንድን ሕግ ሰምተው ኖሯል። ሻጭ ቤቱን «እንዳለ» ብሎ ቢሸጥ እንኳ፣ የሚያውቀውን ስውርና አደገኛ ጉድለት መናገር አለበት። «እንግዲያው አለማወቅ ነዋ የሚሻለው!» አሉ። ባለቤታቸው እትዬ ተቆጧቸውና ኢንስፔክተር ተቀጠረ።

ከዚያማ ሦስት ቀን ሙሉ፣ ከፍለው ከሚያመጡት ሰው የሚደብቁትን ሲደብቁ ሰነበቱ። ሶፋው ቦታውን ለቀቀ፣ ምንጣፉ ዞረ። ቤዝመንቱ ግድግዳ ላይ ባለችው ስንጥቅ ላይ የላሊበላ ሥዕል ተሰቀለ። ከአንድ አለት ተፈልፍሎ ስንት መቶ ዓመት የቆመው ቤተ ጊዮርጊስ፣ በስተርጅና የሜሪላንድ ስንጥቅ ዘበኛ ሆነ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ሐኪሙን በገንዘቡ አስጠርቶ አልጋ ሥር የሚገባውን ግን አበው እንኳ አላሰቡትም። ሥዕሉን ማን ቀጥ አድርጎ ሰቀለው አትበሉኝ። እኔ ነኝ።

ኢንስፔክተሩ መሰላሉንና ባትሪውን ይዞ መጣ። ጋሼ እግር በእግር ተከተሉት። ሰውየው ምንም ሳይጠይቅ እሳቸው ይመልሳሉ። «ይሄ ቧንቧ ጤነኛ ነው።» «እዚያ ጋ አይጥ የለም።» ሰውየው ስለ አይጥ አላሰበም ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ፈለገ። ገና ቀና ብሎ ወዳላየው ጣሪያ እየጠቆሙ ደግሞ «ዘንድሮ አላፈሰሰም» አሉት። ይኼኔ መሰላሉን ዘረጋው።

በእትዬ በኩል ደግሞ፣ ሰው ቤታቸው መጥቶ ቡና ሳይጠጣ አይሄድም። የእኛ የሐበሾች ቤት ስሞክ ዲቴክተር ደግሞ አፉ የተዘጋው ለክርስትና ቡና ሲፈላ ነው፤ ባትሪው መሳቢያ ውስጥ ነው። ሜሪላንድ ግን ነቅታብናለች። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አሥር ዓመት ያለፈው ባለባትሪ ዲቴክተር፣ ባትሪው በማይወጣና ዝም ማሰኛ ቁልፍ ባለው መተካት አለበት። ሕግ አውጪዎቹ መቼም ረከቦታችንን አይተዋል። ጋሼ አዲሶቹን የሰቀሉት በዋዜማው ማታ ነበር። ቡናው ተቆላ፣ ዕጣኑ ተጨመረ፣ ሦስቱም ፎቅ ባንዴ ጮኸ። እትዬ በነጠላቸው ጭሱን ሲያባርሩ፣ ጋሼ ወንበር ላይ ወጥተው ቁልፉን ሲፈልጉ፣ ኢንስፔክተሩ ተረጋግቶ ጻፈ፦ «ይሠራል።»

ቀጥሎ የራዶን ምርመራ መጣ። የእኛ ካውንቲ፣ ሞንጎመሪ፣ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2016 ወዲህ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት ሳይመረመር እንዳይሸጥ ደንግጓል። «ራዶን ምንድን ነው?» አሉ ጋሼ። ከአፈር የሚወጣ ጋዝ ነው፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ለሳንባ ካንሰር የሚዳርግ። «ቀለምም ሽታም ከሌለው መኖሩን ማን ነገራቸው?» ለማንኛውም መለኪያው ቢያንስ 48 ሰዓት ይቀመጣል፤ እስኪያልቅ ድረስ መስኮት መክፈት የለም። ሁለት ቀን መስኮት ሳይከፈት ወጥ ሊሠራ! እትዬ ድስታቸውን ተሸክመው እኔ ቤት ገቡ። የእነሱ ቤት ራዶን ሲለካ፣ የእኔ መጋረጃ ሽንኩርት ሲለካ ሰነበተ።

ውጤቱ ደህና ሆነ። የኢንስፔክተሩ ሪፖርት ግን ከነፎቶው አርባ ገጽ ነው። ጋሼ መነጽራቸውን ሰክተው እንደ ክስ ቻርጅ አነበቡት። ኢንስፔክተሩ ቤተ ጊዮርጊስን ገለጥ አድርጎ አይቷል፤ ስንጥቋ ቀጭን ናት፣ ለክፉ አትሰጥም ብሏል። ቤዝመንቱን የሚያረጥበው ሌላ ነው፦ ቅጠል የደፈነው አሸንዳ ውሃውን የቤቱ መሠረት ሥር ይደፋል። አሸንዳው ደግሞ ከመንገድ ይታያል። ስናልፍ ስናገድም ሁላችንም ስንት ዓመት አይተነዋል። እሱ ላይ ሥዕል የሰቀለ የለም።

እኔስ? ማታ ቤቴ ገብቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ከዓመታት በፊት ከቤተ ክርስቲያን የወሰድኩት የ2009 ዓ.ም. ካሌንደር እስከ ዛሬ እንደተሰቀለ ነው። እንግዳ ሁሉ «ይሄ እኮ ጊዜው አልፏል» ይለኛል። «ሥዕሉን ስለምወደው ነው» እላለሁ።

የእናንተስ ካሌንደር ስንት ዓመተ ምሕረት ይላል?