ስቶፕዎች የያዘው ሰውዬና አራቱ ብሮውዘሮች

ሰው በብሮውዘር ይኳረፋል ቢሉኝ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከመግባቴ በፊት አላምንም ነበር። ሰው በፖለቲካ ይኳረፋል፣ በአርሰናልና በማንቼ ይኳረፋል፣ በዕቁብ ዕጣ ይኳረፋል። በክሮምና በፋየርፎክስ ግን ማን ይኳረፋል? እኛ ቢሮ ይኳረፋሉ። አንድ ሰሞን የአይቲው ልጅና የሰው ኃይሏ ልጅ በዚሁ ጉዳይ ሻይ ለየብቻ መጠጣት ጀምረው ነበር።

ቢሯችን ከፓርኩ ሼዶች በአንዱ ውስጥ፣ የስፌት መሥመሮቹን በመስታወት ቁልቁል የሚያይ ክፍል ነው። የእኔ ሥራ የኤክስፖርት ዶክመንት ነው፤ ፓኪንግ ሊስት፣ ኢንቮይስ፣ የዕቃው አገር ማረጋገጫ። ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሲመረቅ የሁሉም ዓይን አሜሪካ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሏ ከአጎዋ ካስወጣችን ወዲህ ግን ገዢው ከየአቅጣጫው ሆነ፤ እያንዳንዱ ገዢ ደግሞ የራሱ ፖርታል፣ የራሱ ፎርም፣ የራሱ ፓስወርድ አለው። አንዳንዴ ልብሱን ከመስፋት ይልቅ ልብሱ መሰፋቱን በኢንተርኔት ማስረዳት የሚከብድ ይመስለኛል።

ጎራዎቹ እንዲህ ነበሩ። የአይቲው ልጅ ፋየርፎክስ ነው፤ ከላይ በቀኝ በኩል የደረደራቸው ኤክስቴንሽኖች ብዛት የአድራሻ መጻፊያውን ቦታ አሳጥቶታል። ማስታወቂያ የሚከለክል፣ ገጹን የሚያጠቁር፣ ቪዲዮ የሚያወርድ፣ ቪፒኤን፣ ምን እንደሚሠራ እሱም የረሳው ሌላም ሌላም። የሰው ኃይሏ ልጅ ኦፔራ ሚኒ ናት፣ ያውም በቴክኖ ስልኳ። ይህ ኖርዌይ የተወለደ ብሮውዘር እ.ኤ.አ. በ2006 ለዓለም ሲቀርብ ያመጣው ዘዴ ቀላል ነው፤ ገጹን የሚከፍተው ስልኩ ሳይሆን ሩቅ አገር ያለ ሰርቨር ነው፣ ወደ ስልኩ የሚላከው ተጨምቆ እስከ አንድ አሥረኛ ድረስ የቀነሰው ነው። እሷም ፓኬጇን ስትገዛ ከእኛ ሁሉ ያነሰውን ገዝታ ከእኛ ሁሉ በኋላ ነው የሚያልቅባት። «እናንተ ሜጋባይት ትበላላችሁ፣ እኔ አነባለሁ» ትላለች።

የሒሳብ ክፍሏ እትዬ ኤጅ ናቸው። እርግጥ ኤጅ መሆኑን አያውቁም፤ «ኢንተርኔቷ» ነው የሚሏት። ታማኝነታቸው ከናዝሬት የኢንተርኔት ቤቶች ዘመን የመጣ ነው። ያኔ አማርኛ ገጽ ሲከፍቱ የሚያዩት የተደረደረ ባዶ ሳጥን ነበር። ከዚያ አንድ ቀን መሥሪያ ቤታቸው አዲስ ኮምፒውተር ገባ፤ ሰማያዊዋን «ኢ»፣ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን፣ ሲጫኑ ፊደሉ ፊደል ሆኖ ወጣ። ምስጋናው የሚገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ለመጣው ኒያላ ለሚባለው ፎንት እንጂ ለብሮውዘሩ አልነበረም። ግን ይህን ለእትዬ ማስረዳት ውለታ እንደ ማስካድ ነው፤ እኔም ትቼዋለሁ። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሰኔ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. በይፋ ጡረታ ሲወጣ እንኳ አላወቁም፤ ኤጅ በቦታው ተተክቶ ጠበቃቸው።

እኔ ክሮም ነኝ። ለምን ቢባል፣ ኮምፒውተሩን ስረከብ ተከፍቶ የጠበቀኝ እሱ ነበር። አብዛኛው ሕዝብም ክሮም የሆነው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

የክርክሩ አስቂኝ ነገር ከሥር ሲታይ ያን ያህል ልዩነት አለመኖሩ ነው። ኦፔራ በኮምፒውተር ላይ የራሱን ሞተር ጥሎ እ.ኤ.አ. በ2013 ክሮም የቆመበትን የጉግልን ክሮሚየም ወሰደ፤ ኤጅም በ2020 ተከተለ፤ ብሬቭ የሚባለው ብሮውዘርም ያው ነው። የራሳቸው ሞተር ያላቸው ታዋቂዎች ፋየርፎክስና የአፕሉ ሳፋሪ ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል። አዳማ ከተማን የሞሉት ባጃጆች ሞተራቸው አንድ ሆኖ ከኋላ የተለጠፈው ጥቅስ ብቻ እንደሚለያየው ማለት ነው። ይህንን ለእትዬ ብነግራቸው «ታዲያ እኔና አንተን ምን ያጨቃጭቀናል?» አሉ። ልክ ናቸው። ጭቅጭቁ ግን አልቆመም።

የአይቲው ልጅ አንድ ቀን ቤቱ በላፕቶፑ የሠራውን የስፒዶሜትር ውጤት ይዞ መጣ። ስፒዶሜትር የብሮውዘር ፍጥነት መለኪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣውን ሦስተኛውን እትም ተፎካካሪዎቹ አፕል፣ ጉግልና ሞዚላ ራሳቸው ተባብረው ነው ያዘጋጁት፤ ስለዚህ አድልዎ አለበት ማለት ይከብዳል። የሚለካው አንድ ነገር ስትጫን ገጹ ምን ያህል ቶሎ እንደሚመልስልህ ነው። ኔትወርክ የሚባለው ጣጣ በፈተናው ውስጥ የለም። የሰው ኃይሏ ልጅ ይህን ስትሰማ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ኔትወርክ የሌለበትን ፈተናማ የእኔም ስልክ ያልፋል!»

በዚህ ጊዜ ነው ስቶፕዎች የያዘው ሰውዬ የገባው።

ጋርመንት ፋብሪካ ያልሠራ ሰው ይህን ሰው አያውቀውም። የኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ክፍል ባልደረባ ነው፤ ሥራው ከስፌት ሠራተኞች ጀርባ ቆሞ አንዲት ኪስ ለመለጠፍ፣ አንድ ኮሌታ ለማዞር ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ መለካት ነው። እሱ ሲመጣ የልጆቹ እጅ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ዛሬ የፈጠነ ነገ ታርጌቱ ይጨመርበታል። አንገቱ ላይ ስቶፕዎች፣ ክንዱ ሥር ክሊፕቦርድ። «በወሬ ምን ያጨቃጭቃችኋል፣ ይለካ!» አለ። የተሸነፈ ወገን ለሁሉም ዓሣ ጥብስ እንዲጋብዝ ተወራረድን።

ሰዓቱ ተመረጠ፤ የቻይና ኃላፊያችን ከምሳ በኋላ የሚተኛበት ሰዓት። ፓርኩ ውስጥ የሠራ ያውቃል፣ ያቺ የቀትር እንቅልፍ የማትነካ ናት። ተጣጣፊ አልጋው ከጠረጴዛው ኋላ ተዘርግቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በር ገርበብ ይላል።

የተመረጠው ገጽ የአንድ ገዢያችን ፖርታል ነበር፤ በሁሉም ብሮውዘር እየከፈቱ ማወዳደር። የመጀመሪያው ዙር ዘገየ፣ ሁለተኛው ወዲያው ተከፈተ። የአይቲው ልጅ «ካሽ ነው፤ ቀድሞ ያወረደውን ነው የሚያሳየን» አለ። ስቶፕዎች የያዘው ሰውዬ ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። «እንግዲያው ኮንዲሽኑ እኩል አይደለም። ሁሉም ከዜሮ ይጀምር።»

እኔ በዚህ መሐል ዕቃችንን የሚወስደው ኮንቴይነር ሹፌር ከበር ደውሎልኝ ወጥቻለሁ። እኔ በሌለሁበት፣ በእኔ ኮምፒውተር ላይ፣ የአይቲው ልጅ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዲሊትን ተጫነ። በዚያ በሚመጣው ሳጥን ውስጥ «ከመጀመሪያ ጀምሮ» የሚለውን መረጠ፤ ካሽ ላይ ምልክት አደረገ፣ ኩኪ ላይ አደረገ። ከነሱ ዝቅ ብላ «ፓስወርዶች» የምትል መስመር አለች። ለጥንቃቄ እሷም ላይ አደረገ።

ስመለስ ጠዋት ሙሉ የካርቶን ቁጥር የሞላሁበት ፎርም ሌላ ታብ ላይ እንደ ተከፈተ ነበር። «ሴቭ» ስለው፦ እባክዎ እንደገና ይግቡ። ልግባ? ፓስወርዱን አላውቀውም። ያስገባው ከእኔ በፊት ወንበሩ ላይ የነበረው ሰው ነው፤ እሱ ሥራ ቀይሮ ሐዋሳ ከገባ ቆይቷል። ደወልኩለት። «ምን ፓስወርድ አለው፣ ብሮውዘሩ ያውቀዋል እኮ!» አለኝ፣ በጣም ተረጋግቶ።

የፓስወርድ መቀየሪያ ሊንክ በቢሮው ኢሜይል አስላክን። ሊንኩ እንደ ደረሰ መብራት ጠፋ።

አዳማ ኮረብታ ላይ የቆሙት 136 የነፋስ ተርባይኖች በመስኮታችን አቅጣጫ ቀስ ብለው ይዞራሉ። ሁለቱ ጣቢያዎች ተደምረው 204 ሜጋ ዋት ማመንጨት ይችላሉ። እነሱን እያዩ በጨለማ ውስጥ መቀመጥ የሆነ ስሜት አለው። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ቅድሚያ የሚሰጠው ለስፌት መሥመሩ ነው፤ ቢሮውና ዋይፋዩ ወረፋ ይጠብቃሉ። ውድድሩ በዚህ ሁኔታ ቀጠለ፤ አሁን ግን ሰዓት የሚለካው ሰውዬው ብቻ አልነበረም፣ ሹፌሩም ዶክመንቱን እየጠበቀ በየአሥር ደቂቃው ይደውላል።

ከሁሉ ቀድሞ የተከፈተው ኦፔራ ሚኒ ነው። የሰው ኃይሏ ልጅ እልል አለች። አዲሱን ፓስወርድ ጻፍን፣ ማረጋገጫውን ተጫንን፤ ምንም የለም። ደገምን፤ ምንም። ያ የመጨመቅ ዘዴ ዋጋ አለው፤ ገጹ ሩቅ አገር ተሠርቶ ስለሚመጣ ስልኩ ላይ መንቀሳቀስ የሚገባቸው ቁልፎች አንዳንዴ አይንቀሳቀሱም። ዜና ለማንበብ ወደር የለውም። ፎርም ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው።

ተራው የፋየርፎክስ ሆነ፤ የአይቲው ልጅ ላፕቶፕ ባትሪ ነበረው፣ ኢንተርኔቱን ከስልክ አገናኘን። ገጹ ግን እኛን ከመቀበሉ በፊት ሰው መሆናችንን ጠየቀ፤ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ምረጡ። መረጥን። አሁን ድልድይ። አሁን ደግሞ አውቶቡስ። ልጁ ድንገት ግንባሩን ያዘ፤ በ2015 ዓ.ም. የካቲት ማኅበራዊ ሚዲያ ሲዘጋ የጫነው ቪፒኤን እስካሁን እየሠራ ኖሯል። እኛ ቁጭ ያልነው አዳማ፣ ገጹ የሚያየን ሆላንድ። አጠፋው። ማረጋገጫው በአዲስ መስኮት ሊወጣ ሲል ደግሞ ማስታወቂያ ከልካዩ ዋጠው። እሱም ጠፋ። በመጨረሻ መስኮቱ ወጣ፤ ያለውም ይህ ገጽ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ይፈልጋል የሚል ነበር።

ነገሩ ገባን። የፖርታሉ መግቢያ ታድሷል፤ የፓስወርድ መቀየሪያው ግን ከድሮ የተረፈ ገጽ ነው። ጡረታ የወጣው ሰው ካልመጣ አልከፍትም የሚል። እትዬ ድል የእሳቸው መሰላቸው፤ ኮምፒውተራቸው ግን መብራት አልነበረውም። (ኤጅ ውስጥ እኮ የድሮውን የሚተካ ሁነታ አለ፤ ማይክሮሶፍት ቢያንስ እስከ 2029 አቆየዋለሁ ብሏል። ሴቲንግ ገብቶ መፍቀድ ብቻ ነው። ይህን ያወቅነው በማግስቱ ነው።)

የኃላፊው አላርም ጮኸ። ፀጉሩ ወደ አንድ ጎን ተኝቶ ወጣና ሁላችንም በአንድ ላፕቶፕ ላይ ተደፍተን አገኘን። የአይቲው ልጅ በእጅም በእንግሊዝኛም አስረዳው። ኃላፊው የራሱን ላፕቶፕ አመጣ፤ ብሮውዘሩ ከአገሩ ተጭኖ የመጣ፣ ጽሑፉ ሁሉ ቻይንኛ። ሊንኩን ከፈተና አድራሻው ጎን ያለችውን ትንሽ የመብረቅ ምልክት ተጫነ። መብረቋ ወደ «ኢ» ተለወጠች። ገጹ ተከፈተ፣ ፓስወርዱ ተቀየረ። «ችግር የለም» አለ፣ ከሚያውቃቸው ጥቂት የአማርኛ ቃላት አንዷ ናት።

የቻይና ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች ለረጅም ዘመን በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ላይ የተመሠረቱ ስለነበሩ፣ እዚያ የሚሠሩ ብሮውዘሮች ሁለት ሞተር ይዘው መምጣት ልማዳቸው ሆኗል፤ አንዱ ለአዲሱ ገጽ፣ አንዱ ለአሮጌው። ማንም ያልተወራረደበት ብሮውዘር አሸነፈ። ፎርሙን እንደገና ሞላሁ፣ ኮንቴይነሩ ወደ ሞጆ መንገድ ሲወጣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር።

ስቶፕዎች የያዘው ሰውዬ ወረቀቱን ጨርሶ አስረከበን። በብሮውዘሮቹ ትይዩ ያሉትን ሳጥኖች ባዶ ትቷቸዋል። «የጠፋ ጊዜ» በሚለው ሥር ከሰዓቱን በሙሉ ጽፏል፤ «ምክንያት» በሚለው ሥር ማሽን፣ ሰው፣ ማቴሪያል የሚሉ ምርጫዎች አሉ፤ ሦስቱንም አክብቧቸዋል።

ፍርዴን ከጠየቃችሁኝ እነሆ። አራት ጊጋባይት ሚሞሪ ባለው የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ፍጥነትን የሚወስነው የብሮውዘሩ ስም ሳይሆን የተከፈተው ታብ ብዛት ነው፤ ክሮምና ዘመዶቹ ታቦቹን በየራሳቸው ክፍል ለያይተው ስለሚያስኬዱ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይተርፋል፣ ሚሞሪው ግን ያልቃል። ኤክስቴንሽን ካስፈለገ ማስታወቂያ ከልካይ ብቻ ይበቃል፤ በሜጋባይት ለሚከፍል ሰው ያ ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ ለአይቲው ልጅ እጄን ሰጥቻለሁ፤ ክሮም ሕጉን ቀይሮ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን ማስታወቂያ ከልካይ እስከ 2025 ድረስ ደረጃ በደረጃ ሲያስወጣ ፋየርፎክስ አቆይቶታል። በስልክ ለማንበብ ኦፔራ ሚኒ። ፓስወርድ ደግሞ ብሮውዘር ቢያውቀውም፣ ከብሮውዘር ውጭ የሚያውቀው አንድ ሰው ይኑር።

እናንተ ፖርታልና ፎርም የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ገጻችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ከክሮም ሌላ ቢያንስ በአንድ ብሮውዘር፣ ደግሞም በርካሽ ስልክ ክፈቱት፤ የፓስወርድ መቀየሪያውንም ጭምር። ሰው የሞላውን ፎርም በየደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ አድርጉት፤ እዚህ መብራት ሳይናገር ነው የሚሄደው።