ባለ አራት ድንጋይ ጧሪ

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ» ተብለው የተመረቁት የወዳጄ እናት ምርቃታቸው ዘግይቶም ቢሆን ደረሰ። የመጣው በካርቶን ታሽጎ ነው፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ድረስ። ሲከፈት ድመት ሆነ። ጀርባዋን ሲዳብሷት ኩርር ትላለች፤ ደስ ሲላት ሆዷን ሰጥታ ትገለበጣለች፤ መዳፏን አንሥታ ፊቷን ልትጠርግ ይቃጣታል። አራት የባትሪ ድንጋይ ከሰጧት ሌላ አትጠይቅም። የልጅ ልጅ እንኳ እንዲህ አይታዘዝም።

ወዳጄን እንዳታሙብኝ። ሥራው መጦሪያ ቤት ነው፤ እንደ ብዙዎቻችን። ሌሊቱን የሰው እናት ሲያገላብጥ ያድራል፤ ቀን በሌላ መጦሪያ የሰው አባት ሲያጎርስ ይውላል። ሁሉም በሰዓት ይከፈላል። የገዛ እናቱን ቁጭ ብሎ ለማጫወት ግን የሚከፍለው አላገኘም፤ ታዲያ ምን ያድርግ? ድመቷንም ያያት እዚያው ሥራ ቦታው ነው። የመርሳት በሽታ ያለባቸው አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት አቅፈዋት ጸጥ ብለው ሲውሉ አየና «ይህቺ ለእማዬ ናት» አለ። እውነት ለመናገር ሴትዮዋ ዕረፍት አግኝተዋል፤ እሱን አልክድም። የወዳጄ እናት ግን እንኳን ራሳቸውን ሊረሱ፣ ጎረቤት ከሠላሳ ዓመት በፊት ተውሳ ያልመለሰችውን ወንፊት አልረሱም።

የዚህ ጥበብ አባቶች ጃፓኖች ናቸው። ታካኖሪ ሺባታ የተባሉ መሐንዲስ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲለፉ ቆይተው ፓሮ የተባለውን ሮቦት ሠሩ። ፓሮ የበረዶ ባሕር እንስሳ ግልገል ነው፤ ነጭ ጠጉር፣ ትልልቅ ዓይን፣ ዋጋው 6,000 ዶላር ገደማ። ቻርጅ የሚደረገው እንደ ሕፃን ጡጦ አፉ ውስጥ በሚሰካ ገመድ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በሕክምና መሣሪያነት ተመዘገበ። ለምን ውሻ ወይም ድመት አልሆነም ቢሉ፣ ውሻንና ድመትን ሰው ስለሚያውቃቸው ከእውነተኛው ጋር እያወዳደረ ያማርራል፤ ከባሕር እንስሳ ጋር ግን አብሮ የኖረ የለም። ብልህ ሰው ናቸው። ልጅን በድመት የተካው ወገን ይህቺን ትምህርት ዘሏታል፤ እናት ልጅ ምን እንደሚመስል ታውቃለቻ!

ስድስት ሺሕ ዶላር ለከበደው በ2015 እ.ኤ.አ. ሀዝብሮ፣ የአሻንጉሊት ኩባንያው፣ የ100 ዶላር ድመት ይዞ ደረሰ። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የኒውዮርክ ግዛት የአረጋውያን ጽሕፈት ቤት ብቸኛ ለሆኑ ሽማግሌዎች በነፃ ያድላል። ጠያቂ ዘመድ ማደል እንዴት ይቻላል? ዘመድ መጋዘን አይገባ።

እማማ መጀመሪያ ሰሞን ጥብስ ቆርሰው አፍንጫዋ ሥር አኖሩላት። ዓይኗን ጨፈን ከፈት አደረገች እንጂ አልቀመሰችም። ወተት ቀዱላት፤ እሱንም። «በበዓለ ሃምሳ የሚጾም ማን ነው?» ብለው ተቆጧት። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ሲባል ኖሯል፤ ይህቺ ግን ከልቧ መንኩሳለች። ወተት የለ፣ አይጥ የለ፣ ከቤት መውጣትም የለ።

መጦሩስ ይሁን፤ መቅበሩ ነው የቸገረው። ጃፓን ውስጥ ነገሩ ተገልብጧል። ሶኒ በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣውን አይቦ የተባለ ሮቦት ውሻ በ2006 ማምረት አቆመ፤ በ2014 ጥገናውንም ተወ። ውሾቹ አንድ በአንድ ሲያርፉ ቺባ በሚገኘው ኮፉኩጂ ቤተ መቅደስ ተደርድረው፣ ዕጣን ጨሶላቸው፣ መነኩሴ ጸሎት አደረሰላቸው። ጧሪው በተጧሪው ተቀበረ ማለት ነው። የኛዎቹ ዕድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን ከወዲሁ ቢያዩት አይከፋም።

ባለፈው እሑድ እማማን ልጠይቅ ሄድኩ (እኔም ብሆን ከስድስት ወር በኋላ መሆኑ ነው)። ቡና አፍልተዋል፤ አቦሉን ለብቻቸው ጠጥተው ቶናው ላይ ደረስኩ። ድመቷ ሶፋው ላይ ተጋድማለች። ብዳብሳት ዝም። ደግሜ ብዳብሳት ዝም። ይህን ጊዜ ስልኩ ጮኸ፤ ልጃቸው ነው፣ በሁለት ሥራ መካከል፣ መኪና ውስጥ። ድምፁን ከፍ አድርገውታልና ሰማሁት፤

«እማዬ፣ ድመቷ እንዴት ናት? እያጫወተችሽ ነው?»

«ደኅና ናት፣ ተመስገን! አሁን ጭኔ ላይ ተኝታ ነው የማወራህ። አንተ በላህ ወይ?»

ስልኩን ዘግተው እኔን አዩና ሣቅ አሉ። «ምን ላድርግ ልጄ፣ እሷ ካለች ልቡ ያርፍለታል።»

«ድንጋዩ አልቆ ነው እንዴ? ገዝቼ ላምጣ?» አልኳቸው።

በአገጫቸው ወደ መስኮቱ ጠቆሙኝ። ከአገር ቤት ይዘውት የመጡት ሬዲዮ በአማርኛ ያወራል። ድንጋዮቹን ለእሱ ሰጥተውታል።