የጀግናው ዝውውር

ጓደኛችን በሚና ጨዋታው በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ 5ኛ እትም ያሳደገውን ተዋጊ ወደ ሌላ የሚና ጨዋታ፣ ወደ ፓዝፋይንደር 2ኛ እትም ሊያዛውር ተነሣ። «ያው ዳይስ አይደል?» አለን። ልክ ነው፤ ባለ 20 ገጹ ዳይስ ያው ነው። በቀድሞ ቤቱ 5ኛ ደረጃ ሲደርስ በዳይሱ ውጤት ላይ የሚደመረው የብቃት ጭማሪው 3 ነበር። በአዲሱ ቤት ደረጃው ራሱ ይደመራልና፣ በመረጠው የመሣሪያ ዓይነት 11 ገባ። አንድ ቀን ሳይለማመድ፣ በወረቀት ብቻ ጀገነ! (እንዲህ ያለ የደረጃ ዕድገት የምናውቀው በመሥሪያ ቤት ነበር።) ጭራቆቹም በዚያው ልክ መወፈራቸውን የነገረው የለም።

እዚያ ጎራዴውን በነጻ መዝዞ ሁለቴ ይሰነዝር ነበር። እዚህ በአንድ ተራ 3 ተግባር ብቻ ነው፣ መምዘዙም ይቆጠራል። ቅዳሜ ዕለት መዘዘ፣ ተጠጋ፣ አንዴ ሰነዘረ። ዳይሱ 1 ወጣ።

አሁን አዲስ ወረቀት እየሞላ ነው።